ዝም ያለ ችሎት

ጥር 5፣ ሰኞ

ዲኑ አስጠርቶኝ "የዘንድሮውንም የምስለ ችሎት ቡድን ያው አንተው ታሠለጥናለህ፤ ካንተ የተሻለ ሰው የለንም" አለኝ። ከእኔ በፊት ሁለት መምህራን ጠይቆ ሁለቱም ጊዜ የለንም እንዳሉት ጸሐፊዋ በሩ ላይ ሹክ ብላኛለች። ይሁን። ዋንጫ ይዤ ስገባ ፎቶ ለመነሳት ማን እንደሚቀድም አይጠፋኝም።

ማታ ለባለቤቴና ለእናቷ አበሠርኳቸው። አማቴ "ምስለ ችሎት ማለት የውሸት ፍርድ ቤት ነው?" አሉ። የሕግ ተማሪዎች እንደ ጠበቃ ቆመው፣ በተፈጠረ ጉዳይ፣ ዳኛ ሆነው በተሰየሙ ሰዎች ፊት የሚከራከሩበት የዩኒቨርሲቲዎች ውድድር ነው ብዬ አስረዳኋቸው።

"የሚታሰር ሰው አለ?"

"የለም፣ እማማ።"

"የሚፈታስ?"

"እሱም የለም።"

"ታዲያ ምን ያስጮሃችኋል?" ብለው የመስሚያ መሣሪያቸውን ከጆሯቸው አወጡና በመሀረብ ጠቀለሉት። እራት ላይ ሁልጊዜ ያወጡታል። ባትሪ ለመቆጠብ ነው ይላሉ። ቀን ቀን፣ እኔ ሥራ ስውል፣ እንደማያወጡት ሠራተኛዋ ነግራኛለች።

ጥር 8፣ ሐሙስ

ማጣሪያ አደረግን። ከተመዘገቡት ግማሾቹ ቀሩ፤ ከመጡት አንዱ ክፍል ተሳስቶ ነው። ሦስት መረጥኩ።

አንደኛው ክቡርነትዎ ነው። ስሙን ያወጡለት ጓደኞቹ ናቸው፤ መስኮት ለመክፈት እንኳ "ክቡርነትዎ ቢፈቅዱልኝ" ይላል። ሁለተኛው መብረቅ። አፉ ከጭንቅላቱ ይቀድማል፣ ድምፁ ግን ብርጭቆ ያንቀጠቅጣል። ሦስተኛዋ አንዲት የመጨረሻ ዓመት ልጅ ናት። ገና መናገር ስትጀምር ጥያቄ ጣል ባደርግባት ጣቷን ቀስራ "ልጨርስና እመልሳለሁ" አለችኝ። እኔን! በማጣሪያ! መብረቅ እዚያው "ልጨርስ" ብሎ ስም አወጣላት፤ ጸደቀ። ችሎታ አላት፣ አይካድም። ሰው መስማት ላይ ነው ጉድለቷ።

ጥር 13፣ ማክሰኞ

ልምምድ ጀመርን። ጉዳዩ ይኼ ነው፦ አንድ ፋብሪካ ወንዝ ጠልፎ ወደ ራሱ ወሰደ፤ ከታች ያለ ባለ ወፍጮ ውሃው ስለቀረበት ከሰሰ። በዕጣ የደረሰንን ወገን ይዘን ስለምንከራከር ሁለቱንም ማጥናት አለብን።

ዘዴዬ የታወቀ ነው፤ አቋርጣለሁ። ዳኛ ማለት አቋራጭ ነው። ጠበቃው ሁለተኛውን ዓረፍተ ነገር ሳይዘጋ ጥያቄ ይወረወርበታል፤ ያኔ የተንተባተበ አለቀለት። ስለዚህ እኔ ዳኛ ሆኜ ፊት ለፊት እቀመጣለሁ። አንዱ ይቆማል፣ "ክቡር ፍርድ ቤት" ይላል፣ ጥቂት ይናገራል፣ እኔ "ቆይ ቆይ!" እላለሁ። ይመልሳል፣ ይቀጥላል። "ቆይ ቆይ!" ከሰዓት በኋላውን እንዲህ ስንል ዋልን። ክቡርነትዎ በአንድ ቀን ለመደው፤ ሁለት ዓረፍተ ነገር እንዳለ ራሱ ቆም ብሎ አንገቱን ወደ እኔ ዘንበል ያደርጋል። እንዴት ያለ ሰው አክባሪ ልጅ ነው!

እራት ላይ ባለቤቴ ስለምትሠራበት ባንክ አዲሷ ኃላፊ አንድ ወሬ ጀምራ ነበር። ገና ስትጀምር መጨረሻው ስለገባኝ ነገርኳት። "ተወው" አለች። መጨረሻው እንደዚያ አልነበረም መሰለኝ።

ጥር 15፣ ሐሙስ

ልጨርስ ቢሮዬ መጣች። ደንቡ ለአንድ ዙር ሁለት ተናጋሪ ነው የሚፈቅደው። ሦስተኛው ከእነሱ ጋር ጠረጴዛው ላይ ተቀምጦ ሰነድ እያወጣ ያቀብላል። ወንበሩን ለማን እንደምሰጥ ጠረጠረች መሰለኝ፣ ቁጭ እንኳ ሳትል ጀመረች።

"መምህር፣ ከተናጋሪዎቹ አንዷ እንዲያደርጉኝ ልለምንዎት ነው የመጣሁት።"

"ቆይ ቆይ፣ አንቺ—"

"ልጨርስ፣ መምህር። ምርጥ ተናጋሪ የሚባለውን ልጅ ያ ትልቁ የጥብቅና ቢሮ አንድ ዓመት ይቀጥረዋል። የእኔ የመጨረሻ ዓመቴ ነው። አባቴ ሾፌር ነው፣ እናቴ ልብስ ትሰፋለች፤ በዚህ ሙያ 'እሷን ተመልከቷት' የሚልልኝ ሰው የለኝም። ያለኝ አንድ በር ይሄ ነው። ለሽልማቱ የሚታጨው ደግሞ ቢያንስ በሁለት ዙር የተናገረ ብቻ ነው። ጠረጴዛ ላይ ከተቀመጥኩ ቀረ ማለት ነው።"

የሁለቱን ዙር ደንብ እኔ ልነግራት ስል ቀደመችኝ። ተናደድኩ፤ ግን በትዕግሥት አስረዳኋት። "አንቺ ከሁለቱም የበለጠ ሕግ ታውቂያለሽ፤ ስለዚህ ጠረጴዛው ላይ የምታስፈልጊኝ አንቺ ነሽ።" እንዲህ ያለ ምክንያት ለሌላ ሰው ብነግረው ይስቅ ይሆን? እሷ አልሳቀችም። "እሺ" አለችና በሩን ቀስ ብላ ዘግታ ወጣች። በሩን ብታላትመው ይሻለኝ ነበር።

ሁለቱ ልጆች ሲቋረጡ ይቆማሉ። እሷ አትቆምም። ዳኛ ፊት "ልጨርስ" ብትል ማን ነው የሚዋረደው? እኔ ነኝ። ልክ ነው ያደረግኩት። ልክ ነው።

ጥር 21፣ ረቡዕ

በመለማመጃው ክፍል ሳልፍ ሳቅ በሳቅ ሆነዋል። መብረቅ ወንበር ላይ ተደላድሎ፣ መነጽር ወደ አፍንጫው ጫፍ አውርዶ፣ በአፍንጫው እየተናገረ "እኔ በእናንተ ዕድሜ ዋንጫ ይዤ ነበር! ዋንጫ!" ይላል። ክቡርነትዎ እንባው እስኪፈስ ይስቃል። ልጨርስ እንኳ ሳቀች።

ዲኑን እየቀለዱበት መሆን አለበት። እሱም መነጽር ያደርጋል። መምህርን አለማክበር ነውርነቱ ነውር ነው፤ ግን እውነቱን ለመናገር ደስ አለኝ። ዲኑም እንደ እኔ በተማሪነቱ ዋንጫ ማግኘቱን ግን አላውቅም ነበር።

ጥር 27፣ ማክሰኞ

የጽሑፍ ክርክሩ ነገ ጠዋት ይገባል። ማተሚያው ቀለም ጨረሰ። ግዥ ክፍል ሄድኩ፤ በደብዳቤ ጠይቁ አሉ። ደብዳቤውን በምን ላትም? እሱንም በደብዳቤ መጠየቅ ይኖርብኝ ይሆናል።

ክቡርነትዎ ግዥ ክፍሉን "ክቡርነትዎ" አላቸው። አላዘኑልንም።

መብረቅ የሆነ ገጽ ጠፋበት። የትኛው እንደሆነም ጠፋበት።

ልጨርስ አንድ የጽሕፈት ቤት ዕቃ መሸጫ ሄዳ አሳትማ፣ አስጠርዛ፣ የግርጌ ማጣቀሻዎቹን በመንገድ ላይ አርማ መጣች። ጎሽ አልኳት። ደግሞም "ይኸው፣ ጠረጴዛ ላይ የምፈልግሽ ለዚህ ነው" አልኳት። ይቺን ሁለተኛዋን ባልናገራት ይሻል ነበር።

የካቲት 5፣ ረቡዕ

የልምምድ ዳኞች ጋበዝኩ። አንደኛው ሃያ ዓመት የተሟገተ ጠበቃ ነው። ጥያቄ ጠይቅ ስለው የገዛ ጉዳዮቹን እየተረከ፣ ሁሉንም እየረታ፣ ልጆቹን አቁሞ ዋለ። ሁለተኛዋ ዳኛ ስትታጣ ባለቤቴን ለምኜ አስቀመጥኳት። ሦስተኛው እኔ።

ጠበቃው ሄደ፣ ቀጥሎ እኔን ስልክ ጠራኝና ኮሪደር ወጣሁ። ስመለስ ክቡርነትዎ ቆሟል፣ ባለቤቴ ተቀምጣለች፣ ሁለቱም ጸጥ ብለው ይተያያሉ። ግድግዳ ላይ ያለው ሥዕል እንኳ ከእነሱ ይሻላል።

"ምነው? ለምን አትቀጥልም?"

"እሳቸው አልጠየቁኝም፣ መምህር።"

መንገድ ላይ ባለቤቴን ወቀስኳት፤ ዳኛ ብዬ አስቀምጬሽ እንደ እንግዳ ዝም ትያለሽ ወይ አልኳት። "እየሰማሁት ነበር እኮ። ልጁ ግን አንተ ስትወጣ—" አለች። ድካም ነው አልኳት፤ ከጠዋት ጀምሮ ቆሟል፣ እግሩ ዝሏል። "ተወው" አለች። በዚህ ሰሞን ተወው ማለት አብዝታለች።

የካቲት 12፣ ረቡዕ

መብረቅ ጉንፋን ይዞት ቀረ። ልጨርስ በእሱ ቦታ ቆማ የባለ ወፍጮውን ወገን ያዘች። "ቆይ ቆይ" አልኩ። ጣቷን ቀሰረች። "ቆይ ቆይ!" አልኩ። "እዚሁ ላይ ነኝ፣ መምህር፣ አልረሳሁትም" አለችና ቀጠለች። ተናግራ ስታበቃ ወደ መጀመሪያው ጥያቄዬ ተመልሳ መለሰችው፤ ቀጥላ ሁለተኛውን። ሦስተኛውን እኔ ራሴ ረስቼው ነበር፤ እሷ አስታውሳኝ መለሰችው።

ክቡርነትዎ አፉን ከፍቶ ያያታል። "አሃ፣ ባለ ወፍጮው የሚያሸንፈው እንደዚህ ነዋ!" አለ። በዚህ ጉዳይ ላይ አንድ ወር ሙሉ ሳስተምረው ነው የከረምኩት።

አንጀቴ አልቻለም፤ ቦታውን ልስጣት ይሆን? ደግሞ መብረቅስ? ለአባቱ ተናጋሪ ነኝ ብሎ ነግሯል። አባቱ የዲኑ የትምህርት ቤት ጓደኛ ነው። በዚህ ምክንያት አይደለም እንግዲህ። መብረቅ ድምፅ አለው።

የካቲት 19፣ ረቡዕ

ውድድሩ ወደሚካሄድበት ከተማ ደረስን። ሆቴሉ ለተናጋሪዎች ባለ ሁለት አልጋ፣ ለልጨርስ ለብቻዋ፣ ለእኔ ከአሳንሰሩ አጠገብ ሰጠን። ሌሊቱን ሙሉ ሰው ሲወጣ ሲወርድ ይሰማኛል።

ለውድድሩ ጸሐፊ የነገ ተናጋሪዎቼን ዝርዝር አስገባሁ። ክቡርነትዎ ቀዳሚ፣ መብረቅ ተከታይ፤ የመልስ መልሱንም መብረቅ። የመልስ መልስ ማለት ሁሉም ከጨረሰ በኋላ ለተቃራኒ ወገን የምትሰጠዋ አጭር ምላሽ ናት። ጠረጴዛው ላይ ካሉት ማንም ተነሥቶ ሊሰጣት ይችላል፣ በዙሩ እንደተናገረም ይቆጠርለታል፤ እኔ ግን ሥርዓት እወዳለሁ።

ልጨርስ ዝርዝሩን አየችው። የግርጌ ማጣቀሻዎቹን ይዛ ወደ ክፍሏ ወጣች።

የካቲት 20፣ ሐሙስ ማታ

የት ልጀምር። ጉድ ሆንኩ።

የባለ ወፍጮው ወገን ደረሰን። ሦስት ዳኞች ተሰየሙ፤ ሰብሳቢዋ በጡረታ የተገለሉ ሴት ዳኛ ናቸው፣ ፊታቸው ደርባባ። እኔ ኋላ፣ ግድግዳው ጥግ፣ አሠልጣኞች ከሚቀመጡበት ተቀምጫለሁ። መናገርም፣ ምልክት መስጠትም ክልክል ነው።

ክቡርነትዎ ቆመ። ሁለት ዓረፍተ ነገር ተናገረ፣ አሳምሮ። ቆም አለ። አንገቱን ዘንበል አደረገ። ሰብሳቢዋ ፈገግ አሉለት። እሱም ፈገግ አለ። ዝም። አየር ማቀዝቀዣው ብቻ ይጮኻል። እኔ በሆዴ ጠይቁት እንጂ፣ የሰው ልጅ ቆሞ አታዩም ወይ እላለሁ። ምንም። እንደገና ሁለት ዓረፍተ ነገር። ቆም። ዘንበል። ፈገግታ። ዳኞቹ አፋቸውን የተሰፉ ይመስል አንዲት ጥያቄ አልወጣቸውም! ለካ ንግግሩ ሳይቋረጥ ሲነገር አጭር ነበር። ሃያ ደቂቃ የተሰጠው ልጅ በስድስት ደቂቃ ተቀመጠ።

መብረቅ ተነሣ። እሱ ዘዴኛ ነው፤ ጥያቄ ከሌለ ራሱ ይፈጥራል። "የተከበሩት የቀኝ ዳኛ 'ፋብሪካው ፈቃድ አልነበረውም ወይ?' ብለው ለጠየቁኝ" ብሎ ጀመረ። የቀኝ ዳኛው ደንግጠው ወደ ግራ ወደ ቀኝ አዩ። "እኔ ነኝ የጠየቅኩት?" አሉ። አዳራሹ ሳቀ። መብረቅ አልተበገረም፤ "በተጨማሪም ላነሱት ጥያቄ" እያለ ያልተጠየቀውን ሁሉ መለሰ። ጥያቄዎቹ የእኔ ናቸው። አንድ በአንድ፣ በእኔው ቅደም ተከተል።

ወሽመጤ ተቆረጠ። ተቃራኒዎቹ ሲናገሩ መቀመጥ አቃተኝ፤ የመልስ መልሱ ሲደርስ ስልክ የተደወለለት ሰው መስዬ ወጣሁ። ኮሪደሩ ላይ ወዲያ ወዲህ አልኩ። ከውስጥ የሴት ድምፅ ይሰማል፤ የተቃራኒው ቡድን ልጅ ትሆናለች፣ ምን ቀራቸውና ይናገራሉ ብዬ ተበሳጨሁ።

ስመለስ ሰብሳቢዋ አስተያየት እየሰጡ ነው። "መጨረሻ ላይ የሰማነው ግን ጆሮ የሚያቆም ነበር" ይላሉ። ለተቃራኒዎቹ ነው። ከዚያ ወደ እኛ ዞሩ። "ልጆቼ፣ ሕጉን ጠጥታችሁታል። ግን አንድ ነገር ልጠይቃችሁ፤ ስትናገሩ ማንን ነበር የምትጠብቁት?"

ሦስቱም ዘወር ብለው ወደ ኋላ አዩ። ከራሴ በላይ የግድግዳ ሰዓት አለ። ሰዓቱን ይሆናል ያዩት።

እራት ላይ ልጨርስ "መምህር፣ እርስዎ ሲወጡ የመልስ መልሱን እኮ—" አለች።

"አውቃለሁ፣ አውቃለሁ። መብረቅ አበላሸው።"

መብረቅ "አይ መምህር፣ እኔ አይደለሁም የ—" አለ።

"ማንም ሰው ላይ አልፈርድም። አልቋል። ስለ ነገ እናውራ" አልኩ። ሁለቱ ተያዩ። ክቡርነትዎ ምግቡን በሹካ ያገላብጣል። ልጆቼ እንዲህ አፍረው አያውቁም።

ነገ መብረቅን አስቀምጬ ልጨርስን አቆማለሁ። ሌላ ምን ምርጫ አለኝ? ይሄን ስል ግን አመመኝ። ከወር በፊት ቢሮዬ ቆማ ስትለምነኝ ሰጥቻት ቢሆን ሁለት ዙር ይሞላላት ነበር። አሁን አንድ ብቻ ነው። ነገ ምርጥ ሆና ብትገኝ እንኳ አይቆጠርላትም። እኔ ነኝ በሩን የዘጋሁባት።

የካቲት 21፣ ዓርብ

ጠዋት ኮሪደር ላይ ነገርኳት። ይደሰታል ያልኩት ፊት አልተደሰተም፤ ቁም ነገረኛ ሆነ።

"እሺ፣ መምህር። አንድ ነገር ግን ልለምንዎት።"

"ቆይ ቆይ፣ መጀመሪያ ስለ ፋብሪካው—"

"ልጨርስ። እርስዎ ውጭ ቢቀመጡ።"

"ውጭ?"

"ትናንት መጨረሻ ላይ እንደወጡት። ያኔ ጥሩ ነበር።"

ትናንት ምኑ ነው ጥሩ የነበረው? ልጠይቃት ስል ተጠሩና ገቡ። እኔም እንደ ጫማ በር ላይ ቀረሁ።

የጥበቃ ሠራተኛው ወንበር ሰጠኝ። ቃሉ አይለይም፣ ድምፁ ይሰማል። ክቡርነትዎ ተናገረ፤ ቆም ሲል ሰማሁት፤ ቀጥሎ የጠረጴዛ ኳኳታ፤ በኋላ እንደነገሩኝ ልጨርስ በክርኗ ጠረጴዛውን መታ አድርጋ "ቀጥል" ብላዋለች። ቀጠለ! እስከ መጨረሻው ቀጠለ! እኔ ውጭ ሆኜ ሁለት ጊዜ "ቆይ" ብያለሁ፤ የጥበቃው ሰው ለእሱ መስሎት "የት ልሄድ ነው?" አለኝ።

ከዚያ እሷ። የዛሬዎቹ ዳኞች ጠያቂዎች ነበሩ፣ ሦስቱም በአንድ ጊዜ የሚጮኹ። አንድ ጊዜ ብቻ ከድምፃቸው ሁሉ በላይ የእሷ "ልጨርስና እመለስበታለሁ፣ ክቡር ፍርድ ቤት" የሚለው ጥርት ብሎ መጣ። ዓይኔን ጨፈንኩ። አለቀ፣ ተዋረድን አልኩ። ውስጥ ዳኞቹ ሳቁ፤ የፌዝ ሳቅ አልነበረም። ቀጥሎ ዝም ብለው ሰሟት።

ሲወጡ መብረቅ አቀፈኝ። "የቀኑ ከፍተኛ ነጥብ የእሷ ነው፣ ሁሉም እያወራ ነው!" ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፁን ዝቅ አድርጎ ሲናገር ሰማሁት። ልጨርስ ውሃ ትጠጣለች። እንኳን ደስ አለሽ ማለት አፌ ላይ መጥቶ ቀረ፤ ምን ብዬ? ሽልማቱ እንደማይደርሳት እያወቅኩ?

ዋንጫው አልሆነልንም፤ የትናንቱ ነጥብ ጎተተን። ዲኑ ደውሎ "ፎቶ የለም ማለት ነው?" አለ።

የካቲት 22፣ ቅዳሜ

ፊደሌ ሁሉ እየተጣመመ ነው የምጽፈው። አውቶቡሱ ስለሚያንገጫግጭም ነው።

የመዝጊያው ሥነ ሥርዓት ላይ አዳራሹ ሞልቷል። የጥብቅና ቢሮው ሰዎች ከፊት ተደርድረው ተቀምጠዋል። የውድድሩ ጸሐፊ ምርጥ ተናጋሪውን ከመጥራቱ በፊት አንድ ነገር ላሳውቅ አለ። "ከሁሉም ከፍተኛውን ነጥብ ያገኘችው ተወዳዳሪ" ብሎ የልጨርስን ስም ጠራ። አዳራሹ አጨበጨበ። "ይሁን እንጂ በእኛ መዝገብ የተናገረችው በአንድ ዙር ብቻ ስለሆነ፣ በደንቡ መሠረት ለሽልማቱ ልትታጭ—"

አላስጨረስኩትም። ተነሣሁ። እንዲህ ያለ ድፍረት ከየት እንደመጣብኝ አላውቅም፤ ከሐሙስ ጀምሮ ደረቴ ላይ ተቀምጦ የነበረ ነገር ነው።

"ይቅርታ፣ የተከበራችሁ! እኔ የዚች ልጅ አሠልጣኝ ነኝ። እውነት ነው፣ በመጀመሪያው ዙር አልተናገረችም። ያልተናገረችው ግን ስለማትችል አይደለም፤ እኔ ስለከለከልኳት ነው። ለምናኝ እምቢ ያልኳት እኔ ነኝ። ጥፋቱ የእኔ እንጂ የእሷ አይደለም። ይመዝገብልኝ!"

ሰው አጨበጨበልኝ፣ አንዳንዶቹ ቆመው። የጥብቅና ቢሮው ሰዎች እንኳ ራሳቸውን ነቀነቁ። ጸሐፊው "የአሠልጣኙን ግልጽነት እናደንቃለን። ቃላቸው ከመዝገባችን ጋር ይስማማል፤ ተመዝግቧል" አለና ሌላ ልጅ ጠራ። የሌላ ዩኒቨርሲቲ ልጅ ነው። ወጣ፣ ጨበጠ፣ ፎቶ ተነሣ።

እኔ እንባዬን እየጠረግኩ ተቀመጥኩ። በሕይወቴ እንደዚያ ንጹሕ ሆኖ ተሰምቶኝ አያውቅም። መብረቅን ዞሬ ባየው ፊቱ አመድ ለብሷል።

"መምህር፣ ምን አደረጉ?"

"እውነቱን ተናገርኩ።"

"የመልስ መልሱን እኮ እሷ ናት የሰጠችው! ሐሙስ! እኔ ተዝረክርኬ መቆም ሲያቅተኝ ተነሥታ ሰጠችው። ሰብሳቢዋ ያመሰገኑትም እሷን ነው። በሁለቱም ዙር ተናግራለች! ጸሐፊው እርስዎ ያስገቡትን ዝርዝር ይዞ በእኔ ስም መዘገበው እንጂ።"

ኮሪደር ላይ የሰማሁት የሴት ድምፅ። እራት ላይ "አውቃለሁ፣ አውቃለሁ" ያልኩት። ምን ነበር የማውቀው?

ሮጥኩ። ጸሐፊውን ደረጃው ላይ ያዝኩት። ተሳስቻለሁ፣ ተናግራለች፣ እኔ ወጥቼ ስለነበር ነው አልኩት። ትሕትና የተሞላ ሰው ነው፤ አጥንት የሚሰብር ትሕትና።

"ጌታዬ፣ አሁን በአዳራሹ ሙሉ ፊት አልተናገረችም ብለው የመሰከሩት እርስዎ አይደሉም እንዴ?"

"ነኝ፣ ግን—"

"ይመዝገብልኝም ብለዋል።"

ሰብሳቢዋን ይጠይቁልኝ አልኩት። ዛሬ ጠዋት ተመልሰዋል፣ አውሮፕላን ላይ ናቸው አለ። ቅሬታ የሚቀርበው ደግሞ ሽልማቱ ከመሰጠቱ በፊት ነው። ከሕግ መምህር ጋር ስለ ደንብ ክርክር እንደማይገጥም ነግሮኝ፣ እጄን ጨብጦ፣ "ንግግርዎ ግን ልብ የሚነካ ነበር" ብሎኝ ሄደ። እኔ እኮ ነኝ ተማሪዎቼን "ያልተጠየቃችሁትን ጥፋት አትመኑ፣ በገዛ ደንበኛችሁ ላይ አትመስክሩ" እያልኩ የማስተምረው።

አውቶቡሱ ውስጥ ከአጠገቧ ተቀመጥኩ። መስኮቱን ታያለች። አላለቀሰችም። ብታለቅስ ማባበል እችል ነበር።

"ለቢሮው ደብዳቤ እጽፋለሁ" አልኳት። "ሁሉንም አብራርቼ፣ ነገውኑ—"

"አይጻፉልኝ፣ መምህር። ሰኞ እኔ ራሴ ሄጄ እነግራቸዋለሁ።"

"ካላመኑሽስ? እኔ እኮ እዚያ ፊታቸው ቆሜ—" አልኩና ዋጥኩት።

ብዙ መንገድ ሄድን። ከኋላችን ክቡርነትዎና መብረቅ ተኝተዋል ወይም የተኙ መስለዋል።

"ጸሐፊው እኮ ገና 'በአንድ ዙር ብቻ' ሲል ገብቶኝ ነበር" አለች፣ ፊቷን ከመስኮቱ ሳታዞር። "ስህተት አለ ልል ነበር። እጄን አውጥቼ ነበር።"

"አላየሁም" አልኳት።

"አውቃለሁ" አለች።